የማኑሄ ቀኝ እጅ

አርሊንግተን፣ ቴክሳስ፣ ኦገስት 11 ቀን 2025

ለማኑሄ ልጅ ለቃልኪዳን፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ በደህና ያግኝሽ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ጤነኛ ነኝ። ባለቤቴ አባይነሽም ደህና ናት፤ ከአረጋውያን መጦሪያው ሥራዋ ስትመለስ እግሯን ያማታል እንጂ ሌላ የለባትም።

የእናትሽን የብርቅነሽን ዕረፍት ከደብዳቤሽ አነበብኩ። ነፍሷን በገነት ያኑርልን። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር እንኳ ሳልጽፍላት ሞተች። ምክንያቱን አትጠይቂኝ ብዬ ልለምንሽ አስቤ ነበር፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን ጠይቀሽኛል። ይቅርታሽን፤ እሱን ዛሬ አልጽፈውም።

ስልክ የማላነሳው ንቄሽ አይደለም፤ ስለማልሰማ ነው። ሜታኖል በሚነድበት ሞተር አጠገብ ጆሮውን ሳይሸፍን ዓመታት የቆመ ሰው መጨረሻው ይኸው ነው። አባይነሽ የጆሮ መሣሪያ አስገዝታኝ ነበር፤ የፍሪጁን ጩኸት ብቻ ስለሚያሰማኝ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በቴክስት እንዳንጻጻፍም ጣቴ ወፍራም ነው፤ ሦስት ፊደል ባንዴ ይነካል። እንደ ድሮው በወረቀት ይሁንልን።

በድሮው ሜዳችን ለሚደረገው የጋላቢዎች መታሰቢያ ቀን መጽሔት የኃይለኞቹን ተወዳዳሪዎች ታሪክ እየሰበሰብሽ መሆንሽን ስሰማ ደስ ብሎኛል። አንባቢው ሁሉ ስፖርቱን አያውቅምና እንዲህ ብለሽ ጀምሪ፦ ስፒድዌይ ማለት አራት ሰው፣ አራት ዙር፣ የአፈር ሜዳ፣ ሁልጊዜ ወደ ግራ፣ ፍሬን በሌላት ሞተር ሳይክል ነው። ፍሬን የሌላት መሆኑን ሁለቴ ጻፊው፤ አንዴ ቢያነቡት አያምኑም።

አዘጋጁ ዌይን ራሱን ከዝርዝሩ እንዳወጣ እገምታለሁ፤ አንቺ መልሰሽ አስገቢው። በፈረንጅ አቆጣጠር በሰማንያ ስምንት እግሩ ተሰብሮ ጀሶ ታስሮለት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ቆርቆሮ መቁረጫ አለህ ወይ አለኝ። ጀሶውን እኔው ቆረጥኩለት። ኩርባው ላይ በግራ እግራቸው መሬት የሚጎትቱበት የብረት ጫማ አለ፤ እሱን እብጠቱ ላይ እየጠቀጠቀ ሲያስገባ አንዴም አላቃሰተም። ሁለተኛ ወጣ። ያኮረፈው ግን ሁለተኛ በመውጣቱ ነው፣ ለአንድ ሳምንት።

ሬናልዶ ጣሪያ ሠሪ ነበር። ከውስጥ በኩል ይገባና አጠገቡ ያለውን ሰው እስከ አጥሩ ይዞት ይሄዳል። መንገድ መልቀቅን እናቱም አላስተማረችው። በማግስቱ ደግሞ ካጋጨው ሰው ቤት በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለ ታማሌ ይዞ ይቀርባል። “ሜዳ ላይ ወንድም የለኝም፤ ከሜዳ ውጭ ሁሉም ወንድሜ ነው” ይል ነበር።

አባትሽ ከሁለቱም ይብሳል። አዲስ አበባ የጋዜጣ ተላላኪ ሆኖ ነው ሞተር ሳይክል የለመደው። ካርቱም አብረን ከረምን። እዚህ መጥተን ፋርመርስ ብራንች ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ከዌይን ጋር ዕቃ ስንጭን ዌይን ወደ ሜዳው ወሰደን፤ ማኑሄ ጋላቢ፣ እኔ መካኒክ ሆንን። ሌላው ሰው ኩርባ ላይ ሲፈራ ጋዙን ትንሽ ይለቃል፤ ማኑሄ ሲፈራ ይጨምራል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ስለው “እኔ ወረቀቱ ነኝ” ብሎኛል አንድ ቀን።

ስለ አደጋው፦ ከጋላቢው ቀኝ እጅ እስከ መሪው አጭር ገመድ ይታሰራል። ሰውየው ከወደቀ ገመዱ ማጥፊያውን ይነቅልና ሞተሩ ይሞታል። ሴፕቴምበር 21 ቀን 1991 ያ ገመድ ተበጠሰ። ሁልጊዜም የተናገርኩት ይኸው ነው፤ አንቺም እንዲሁ ጻፊው።

የአባትሽ ሞተር ሳይክል ጋራዤ ውስጥ ናት፤ አቧራዋን እየጠረግሁ ኖሬአለሁ። ለመታሰቢያው አንድ ዙር ልንዳት ያልሽውን ግን አልፈቅድም። ከፈለጉ ትቁምና ትታይ። አንቺ እንድትቀመጪባት አልፈልግም።

ይህን የምጨምረው ላሥቅሽ ብዬ ነው። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ማክሰኞ፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ፣ ጋራዡ ውስጥ ሞተር ሲነሳ ሰማሁ። ጎረቤት ሣር ሲያጭድ የማልሰማ ሰው ሰማሁ። በሩን ስከፍተው ዝም አለ። የነዳጅ ጋኗ ደረቅ ነው፤ ካንዴላዋ ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። የጉሎ ዘይት ይሸታል ግን። እነዚያ ሞተሮች በጉሎ ዘይት ነበር የሚሠሩት፤ ሽታውን አንዴ ያወቀ አይረሳውም። እርጅና ነው አልኩና ዘጋሁት።

አክባሪሽ፣ ጥዑመልሳን


ጎተንበርግ፣ ስዊድን፣ ኦገስት 28 ቀን 2025

ለተከበሩ ጋሼ ጥዑመልሳን፤

እንደምን ሰነበቱ? ወይዘሮ አባይነሽስ? አማርኛዬ ቢሰበር ይለፉኝ፤ እናቴ በየቅዳሜው እያስጻፈች ነው ያስተማረችኝ፤ አሁን ቀይ እስክሪብቶዋ የለም።

ከደብዳቤዎ ጀርባ በእርሳስ ጽፈው ያጠፉትን ጥያቄ መስኮት ላይ አስደግፌ አነበብኩት። መልሱ “አይ” ነው። በክፉ አንስታዎት አታውቅም። በደግም አላነሳችዎትም። ስለ ቴክሳስ ስጠይቃት ትነሳና ዕቃ ታጥባለች።

በመጨረሻው ወር ሰው መለየት አቆመች። አልተሠቃየችም፤ ነርስ ስለሆንኩ ይመኑኝ። አንድ ነገር ግን ታደርግ ነበር። የሚቀርባትን ሰው ሁሉ ቀኝ እጅ ትይዝና ታስራለች። በፋሻ፣ በሻርፕ ክር፣ አንዴ በኦክስጅን ቱቦ። ሁለት ጊዜ ትቋጥርና ጎተት አድርጋ ትሞክረዋለች። ከዚያ ወደ በሩ እያየች “ታስሯል በለው” ትላለች። በሩ ላይ ሰው የለም። ሌሎቹ ነርሶች ጨዋታ መስሏቸው ይሥቁ ነበር። እኔ አንድም ቀን አልሣቅኩም፤ ሰው ሲሞት ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ የሚያስር ግን አላየሁም።

ስለዚህ እጠይቅዎታለሁ፦ ገመዱ የተበጠሰው የት ላይ ነው? ከመሪው በኩል ነው ከእጁ? ቁራጩ አለ?

ስለ ሞተር ሳይክሏ እንደገና ልለምንዎ። አትችልም ብለው ከሆነ፣ እዚህ ክለብ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ጋልቤአለሁ። ትከሻዬ ሁለቴ ወልቋል። አባቴ ሲሞት ሁለት ዓመት አልሞላኝም። የማውቀው በሁለት ፎቶና ሰዎች ስለዚያች ሞተር ሳይክል በሚያወሩት ነው። ዌይን “የሞቱትን ሰዎች ሞተር ሳይክል ዘመድ ይነዳዋል፣ አንድ ዙር፣ ቀስ ብሎ” ብሎኛል። ቀስ ብዬ እነዳለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። ግን አንድ ዙር ብቻ ነው።

ስለ ሰሙት ሞተር የጻፉት አላሣቀኝም። ድምፁ እንዴት እንደቆመ ይንገሩኝ፤ ቀስ በቀስ ነው ወይስ ባንዴ?

ቃልኪዳን


አርሊንግተን፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 2025

ልጄ ቃልኪዳን፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። እዚህ ሙቀቱ ገና አልበረደም። አባይነሽ ዶሮ ሠርታ ነበር፤ ጥርሴ እንደ ጆሮዬ ስላልከዳኝ በደንብ በልቻለሁ።

የገመዱ ቁራጭ የለም፤ ጠፋ። የት ላይ እንደተበጠሰ አላስታውስም። እናትሽ ታስር ነበር ያልሽበት ቦታ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ወደ ግቢ ወጣሁ። ተመልሼ አላነበብኩትም። አትቀየሚኝ።

የሞተሩ ድምፅ ባንዴ አይቆምም። አንድ ዙር የሚፈጅ ጊዜ ያህል ይጮኻል፤ ከዚያ አንድ ነገር የመታ ይመስል ይንተፋተፋል፤ ግን አይሞትም። በሩን ስከፍት ነው የሚሞተው። እስካሁን አራት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ሌላም አለ። መሪዋን ቀጥ አድርጌ ነው የማቆማት። ሦስት ቀን ተከታትሎ ጠዋት ስገባ የፊት ጎማዋ ወደ ቀኝ ዞሮ አገኘሁት። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ኩርባው ላይ የኋላው ሲንሸራተት የፊት ጎማ የሚዞረው ወደ ቀኝ ነው። አባይነሽን ነክተሻት እንደሆን ጠየቅኋት። ጆሮዬ ሥር ተጠግታ እንዲህ አለችኝ፦ “ጥዑም፣ እኔ ደብል ሺፍት ሠርቼ መጥቼ ሞተር ሳይክል የማዞርበት ጉልበት የለኝም። ማለቴ፣ ዶክተሩን ኮል ላድርግልህና አፖይንትመንት ይስጥህ፣ ኦኬ?”

ዶክተሩ ቢቀርብኝ ይሻላል ብዬ እንቢ ስላት በእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ጸበል ይዛ መጣች። ለሞተር ሳይክል ጸበል ስትረጭ ማየት የሚያሥቅ ነገር ነው፤ እኔም ልሥቅ ነበር። ሞተሩ ላይ የወደቀው ጠብታ ጠሽ ብሎ ተነነ። መዳፌን ባሳርፍበት አቃጠለኝ። አባይነሽ አየችው። “የቴክሳስ ጋራዥ ነው፤ ሁሉም ነገር ይሞቃል” አለችና ገባች። ጠርሙሱን ግን እዚያው ትታው ነው የሄደችው።

ለመጽሔቱ ስለ ሬናልዶ መጨረሻ ጠይቀሽኛል። ጣሪያ ላይ ሆኖ ልቡ ቆመ። ሠራተኞቹ ሲያገኙት ተቀምጦ፣ ግራ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ፣ ሁለት እጁን እንደ መሪ ይዞ ነበር አሉ። እንዳትጽፊው፤ ሚስቱ አለች።

ሞተር ሳይክሏን አልሰጥም። ቃሌ ነው።

ጥዑመልሳን


ጎተንበርግ፣ ሴፕቴምበር 29 ቀን 2025

ጋሼ ጥዑመልሳን፤

ዛሬ ሰላምታዬን አሳጥራለሁ።

ዌይን የድሮ ፎቶዎችን ለመጽሔቱ እየላከልኝ ነው። ትናንት አንድ ደረሰኝ። አራቱ ጋላቢዎች ወደ ላይ ሲነሳ ውድድሩ ከሚጀመርበት ሪባን ፊት ቆመዋል፤ ከጀርባው ቀኑ ተጽፏል፤ ያው ቀን ነው። አባቴ ቢጫ ሄልሜት አድርጓል። አጉልቼ አየሁት። የቀኝ እጁ አንጓ ባዶ ነው። ገመዱ ከመሪው ላይ ተንጠልጥሏል። ሙሉ ገመድ ነው፤ ጫፉም ጤነኛ ነው።

እርስዎ ተበጠሰ ብለው ጻፉልኝ። እኔም ለመጽሔቱ እንዲያ ብዬ ጽፌ ነበር፤ አሁን ሰርዤዋለሁ። አልተበጠሰም። አልታሰረም።

ማን ነበር የሚያስርለት? ይህን እስኪመልሱልኝ ስለ ሌላ ነገር አልጽፍልዎትም።

ቃልኪዳን


አርሊንግተን፣ ኦክቶበር 8 ቀን 2025

ልጄ፤

እኔ ነበርኩ።

በአንድ እጅ አይቋጠርም፤ ጓንት ከተደረገማ ጭራሽ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት ማኑሄ ቀኝ እጁን ይሰጠኛል፤ ሁለት ጊዜ ቋጥሬ ጎተት አድርጌ እሞክረዋለሁ። ስድስት ዓመት ከእኔ በቀር ማንም አስሮለት አያውቅም። ያ ትንሽ ሜዳ ነበር፤ ዛሬ እንደሚደረገው የሚፈትሽ ሰው አልነበረውም። ፍተሻው እኔ ነበርኩ።

የዚያን ሰሞን ተኳርፈን ነበር። ከአሥራ አንድ ቀን በፊት የኋላውን ፒኞን፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ጥርስ፣ ሳልነግረው በሌላ ቀየርኩበት፤ ተሸነፈ። በሰው ፊት “አንተ መፍቻ አቀብል፤ ጋላቢው እኔ ነኝ” አለኝ። የምንኖረው አንድ አፓርትመንት ውስጥ ነው፤ እሱ፣ እናትሽ፣ አንቺና እኔ። አሥራ አንድ ቀን አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። “ጨው ያቀብለኝ በይው” እላታለሁ። “ጨው ፊቱ ነው በይው” ይላታል። እናትሽ በሁለታችን መካከል እንደ ፖስተኛ ስትመላለስ ከረመች። ሽማግሌዎች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊያስታርቁን ቀጠሮ ይዘው ነበር። ውድድሩ ቅዳሜ ነው። አንድ ቀን ቀድሜ አፌን ብከፍት የተሸነፍኩ መሰለኝ። ያኮረፈ ሰው ሒሳቡ ይኸው ነው።

ገመዱ ተንጠልጥሎ አየሁት። በመካከላችን አሥር እርምጃ ቢኖር ነው። እናትሽ አንቺን ታቅፋ አጠገቤ ቆማለች። “ባልሽን ገመድህ አልታሰረም በይው” አልኳት። ሄደች። ስትመለስ ሪባኑ ተነሳ። ሦስት ሰዓት ከአሥር ነበር።

ሁለተኛው ኩርባ ላይ ወደቀ። ምንም አልሆነም ነበር፤ በጉልበቱ ተነሥቶ አይቼዋለሁ። ሞተሩ ግን አልሞተም። ሰው የሌለባት ሞተር ሳይክል መሬት ላይ ተኝታ እየጮኸች ወደ ግራ ዞረች፤ ተመልሳም መጣችበት። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነግረሽው ነበር ወይ አልኳት። “ሕፃኗ ስታለቅስብኝ ረሳሁት፤ ሳልነግረው ቀረሁ” አለችኝ። ምንም አይደለም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ለሰው ሁሉ ገመዱ ተበጠሰ እያልኩ፣ በልቤ ግን ነገሩን በእሷ ላይ ጥዬ ኖርኩ። ወደ ስዊድን እህቷ ዘንድ ስትሄድም ኤርፖርት አልሸኘኋትም። ያልጻፍኩላት ለዚህ ነው። ዛሬ የእኔ ነገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኗል፤ ቢሆንም እውነቱን ማወቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ እንደ ቀጠሯቸው መጡ። እርቁ ቀርቶ ለቅሶ ተቀመጡ።

ሞተር ሳይክሏን ውሰጃት። ከዚህ በኋላ የመከልከል መብት የለኝም። ዌይን በሚመጣው ማክሰኞ መጥቶ ይጭናታል፤ አዲስ ገመድ ያስገባላታል። ሞተሩ አሁን በየቀኑ ይነሳል፤ ከእሷ ጋር ከሄደልኝም እሰየው ነው። እኔ ግን ሜዳው አልመጣም። ከዚያ ቀን ወዲህ ረግጬው አላውቅም፤ አልችልም።

ጥዑመልሳን


ጎተንበርግ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 2025

ጋሼ ጥዑመልሳን፤

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ይዤው ሄጄ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እውነቱን ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። አሁን እኔ የደበቅሁትን ልጻፍ፤ መጀመሪያ ከእርስዎ መስማት ስለፈለግሁ ነው የቆየሁት።

እናቴ ልትሞት ሁለት ሳምንት ሲቀራት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አእምሮዋ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። ሻይ ጠየቀች። ከዚያ ነገረችኝ። ቃሏን ሳልለውጥ እጽፈዋለሁ፦

“ነግሬው ነበር። ‘ጥዑመልሳን ገመድህ አልታሰረም ይልሃል’ አልኩት። ‘አውቃለሁ። የሚያስረው ሰው እዚያ ቆሟል፤ ይምጣና ይሰረው’ አለኝ። ‘እኔ ልሰርልህ’ አልኩት። ‘አንቺ ልጅቷን ያዢ’ አለ። ከዚያ ቀኝ እጁን ወደ ጥዑመልሳን ዘርግቶ ቆመ። ሪባኑ ሊነሳ እስኪል አላጠፈውም። ጥዑመልሳን ግን እሱን አላየውም። ምን ብዬ እንደምመለስ እኔን ነበር የሚያየው።”

ለምን ረሳሁት ብላ እንደዋሸችዎትም ጠየቅኋት። “ይህን ብነግረው በዚያው ሳምንት ሁለተኛ ሬሳ ይወጣ ነበር። በእኔ ይለፍ ብዬ ነው” አለችኝ። ሻይዋን ጨረሰች። በማግስቱ እንደገና ሰው አልለየችም።

ተናድጃለሁ። በእርስዎ፣ በእሱ፣ በዝምታዋም። አሥር እርምጃ ነው። ዌይን ስለ አባቴ ሲጽፍልኝ በዚያ ሜዳ እንደ እሱ የማይበገር ሰው አልታየም ይላል። በመጽሔቱ ላይ አስገብቼዋለሁ። ሳነበው ግን እጁን ዘርግቶ የቆመ ሰው ነው የሚታየኝ፤ ይህ ጀግንነት ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም።

ኦክቶበር 30 ቀን ፎርት ዎርዝ እገባለሁ። የሆቴሉ አድራሻ ከጀርባ አለ። ተራዬ ቅዳሜ ኖቬምበር 1፣ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። ሰዓቱን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። ዌይን ከሌላው ሁሉ የተረፈው እሱ ነው አለኝ።

ገመዱን ሌላ ሰው አያስርልኝም። ራሴም አላስረውም። ተቆጣጣሪው ይከለክለኝ ይሆናል፤ ላያየኝም ይችላል። ቀኝ እጄን ዘርግቼ እቆማለሁ። ሪባኑ ሲነሳ እሄዳለሁ።

ይህን የመጨረሻውን ጽፌ ደግሜ አነበብኩት። የእኔ አነጋገር አይመስልም፤ የእጅ ጽሑፉም ወደ አንድ በኩል ተጋድሟል። ልሰርዘው ብዬ እስክሪብቶውን አነሳሁ። እጄ እንቢ አለኝ።

ቃልኪዳን


አርሊንግተን፣ ዓርብ ኦክቶበር 31 ቀን 2025

ልጄ ቃልኪዳን፤

ደብዳቤሽ ዛሬ ቀትር ላይ ደረሰኝ። ፖስተኛዋ አንድ ቀን ብትዘገይ ኖሮ ያለፈ ነገር ነበር የማነበው።

እውነት ነው፤ እናትሽን ነበር የማየው። ፊቷን አይቼ ምን እንዳላት ልገምት እየሞከርኩ ነበር። ዓይኔን ትንሽ ወደ ግራ ባደርግ ይበቃ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ያን ቀን በየማዕዘኑ አገላብጬ አስቤዋለሁ፤ እጁን ዘርግቶልኝ ይሆናል ብዬ ግን አንዴም አላሰብኩም። እጁን ሰጥቶኝ ነበር። ታርቆኝ ነበር ማለት ነው። አልቅሻለሁ፤ አባይነሽ ፊት ማልቀሴም አላሳፈረኝም። ብርቅነሽን ይቅር በይኝ የምልበት አድራሻ ግን ከዚህ በኋላ አላገኝም። እሷ እኔን አዝላ ኖራ እኔ እሷን ስወቅስ ኖርኩ።

ሞተር ሳይክሏ ከሄደች ሁለት ሳምንት አልፏታል፤ ይኸው ታውቂዋለሽ። ድምፁ ግን አልሄደም። ባዶው ጋራዥ ውስጥ፣ በዚያችው ሰዓት፣ በየቀኑ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ የጆሮ ነገር ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ደብዳቤሽን ይዤ እንደተቀመጥኩ ተነሳ። አባይነሽ ከጓዳ ወጥታ መጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ጆሮዬ ሥር አፏን አድርጋ “ሞተር ሳይክሉን መለሱት እንዴ? ማነው እሱን ስታርት ያደረገው?” አለችኝ።

አብረን ከፈትነው። ማንም የለም። ሲሚንቶው ላይ ግን ትናንት ያልነበረ ጥቁር የጎማ መስመር አለ፤ ከግድግዳው ተነሥቶ ወደ ግራ ዞሮ ተመልሶ ይመጣል። አባይነሽ ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው። ጣቷን አሸተተችና በቀሚሷ ጠረገችው። በዚህ ጊዜ ስለ ዶክተርም ስለ ጸበልም ምንም አላለችም። “የነገ ሺፍቴን ካንስል አደርጋለሁ” ብቻ አለች።

እንግዲህ በፖስታ ብልከው ስለማይደርስልሽ፣ ይህን ደብዳቤ አባይነሽ ሆቴልሽ ድረስ ወስዳ ለእንግዳ መቀበያው እንድትሰጥልኝ ነበር የጀመርኩት። “ጥዑመልሳን ነገ ሜዳው ላይ ይገኛል በያት” ብዬ ልልካት ነበር፤ እሷም መኪናውን ልታስነሳ ወጥታለች። አሁን በመስኮት አያታለሁ፤ ቁልፉን ይዛ እኔን ትጠብቃለች። ይቺን መስመር ስጽፍ ነው እጄ የቆመው። ብርቅነሽንም የላክኋት እንደዚሁ ነበር።

ስለዚህ ደብዳቤውን አልልከውም። የጻፍኩትን እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ከአባይነሽ ጋር እሄዳለሁ። ነገ ድረስ አልቆይም፤ አሁን ነው የምመጣው። ፎርት ዎርዝ ሩቅ አይደለም። የምለው ነገር ብዙ አይደለም፤ በአፌ እለዋለሁ። ነገም ሜዳው ላይ አጠገብሽ ነኝ።

በሩን ሳንኳኳ ማነው ብትይ አልሰማሽም። እስክትከፍቺ ግን እቆማለሁ።